ሰልፌት የሚተነፍሱ ጎረቤቶቼ

ስለ ባክቴሪያ ስናገር ድምፄ ከፍ ይላል። ተማሪዎቼ ይህን ስለሚያውቁ የፊት ወንበሮችን ባዶ ይተዋሉ። ኮተቤ ማይክሮባዮሎጂ ማስተማር ከጀመርኩ ብዙ ዘመን ሆኖኛል፤ ያን ሁሉ ዘመን ግን በጥቃቅን ነፍሳት ተናድጄ አላውቅም። የሚያናድደኝ ሰው ነው። በተለይ ኮሚቴ የሆነ ሰው።

የምኖረው ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ እንጦጦ በሚያወጣው ዳገት ላይ፣ በማኅበር በተሠራ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ውስጥ ነው። የከተማው የፍሳሽ መስመር እኛ ዘንድ ስላልደረሰ የሁላችን ሽንት ቤት፣ የሁላችን የወጥ ቤትና የልብስ እጣቢ የሚገባው ጓሮ በተቆፈረ አንድ ትልቅ ጉድጓድ ውስጥ ነው። ጉድጓዱ በኮንክሪት ስለተከደነ ከሥር ያለውን የሚያስታውስ ሰው አልነበረም።

ነገሩ የጀመረው በጄሶ ነው። ሁለተኛ ፎቅ ያሉት ባልና ሚስት ለፋሲካ ሳሎናቸውን አሳደሱ። ኮርኒሱ በጄሶ አበባ ተሠራ፣ ከአበባው ሥር ሰማያዊ መብራት ተደበቀ። እንኳን አደረሳችሁ ለማለት የገባ ጎረቤት ሁሉ አንገቱን አንጋጦ ወጣ። ከዚያ በኋላ ሕንፃው በሙሉ ተለከፈ። በዚህ አገር ጎረቤት ያሠራውን ሳያሠሩ እንቅልፍ አይወስድም። እስከ እንቁጣጣሽ ድረስ በየፎቁ የጄሶ ሠራተኛ ነበር፤ ማታ ማታ ባልዲውንና ማንኪያውን የሚያጥበው ደግሞ በየሽንት ቤቱ ነው። ደረጃው ላይ ነጭ የእግር ዱካ፣ ቱቦው ውስጥ ነጭ ውሃ። «ኧረ እጣቢውን ውጭ ድፉት» ብዬ በየበሩ ለምኜ ነበር። ጆሮ ዳባ ልበስ አሉኝ።

ክረምቱ ሲወጣ ሽታው መጣ። የገማ እንቁላል ሽታ። ከሰዓት በኋላ ከእንጦጦ ነፋስ ሲወርድ ትንሽ ይታገሰናል፤ ነፋሱ ሲቆም ጓሮው ላይ ተኝቶ እናገኘዋለን። ከአየር ስለሚከብድ ዝቅ ያለ ቦታ ይወዳል። ጎረቤት ጎረቤቱን መጠርጠር ጀመረ። አንዷ ጎመን ቀቅላ ነው ተባለ፤ ሌላው ዶሮ አርዶ የሆድ ዕቃውን ጓሮ ጥሎ ነው ተባለ። ሁለት ቤተሰቦች በዚህ የተነሳ ሰላምታ አቋረጡ።

ምድር ቤት የሚኖሩት እማማ ደግሞ የብር መስቀላቸው ጠቆረባቸው። መስኮታቸው በጓሮው በኩል ነው፤ መስቀሉ የሚንጠለጠለው በመስኮቱ አጠገብ ነው። አንጥረኛው ብር ብሎ ቆርቆሮ ሸጦልኛል ብለው ሊከሱት ሲነሱ ደረጃው ሥር አገኘኋቸው።

«እማማ፣ መስቀልዎ ንጹሕ ብር ነው» አልኳቸው። «ብር ስለሆነ ነው የጠቆረው። ከጉድጓዱ የሚወጣው ጋዝ ነው ያጠቆረው።»

«ጋዙን ደግሞ ማን ሠራው?»

«ባክቴሪያ።»

መስቀሉን ከእጄ ነጥቀው በነጠላቸው ጫፍ ጠቀለሉት። «በእኔ መስቀል ምን አባቱ አገባው!» አሉና በራቸውን ዘጉብኝ።

ምን እንዳገባው ለእሳቸው መናገር አልቻልኩም፤ ለእናንተ ልንገራችሁ። እኛ የበላነውን የምናቃጥለው በኦክስጅን ነው። ምግብ ሲፈርስ ኤሌክትሮን ያወጣል፤ ኤሌክትሮኑ ደግሞ ተቀባይ ይፈልጋል። ኦክስጅን ይቀበለዋል፣ ውሃ ይሆናል፣ እኛም ጉልበት እናገኛለን። መተንፈስ ማለት በጥልቀት ሲታይ ይኸው ነው። ከጉድጓዱ ሥር ግን ኦክስጅን የለም። እዚያ ያሉት ባክቴሪያዎች በኦክስጅን ፋንታ ሰልፌት ይተነፍሳሉ። ሰልፌት ግትር ነው፤ ኤሌክትሮን እንዲቀበል ባክቴሪያዋ መጀመሪያ ከራሷ ጉልበት አውጥታ ማባበል አለባት፤ ከዚያ በኋላ ነው የምታተርፈው። ትርፏም ጥቂት ነው። እንዲህ እየቆጠቡ፣ በምድር አየር ውስጥ ኦክስጅን ሳይኖር ጀምሮ ኖረዋል። እኛ ስንተነፍስ የሚወጣው ውሃ ሲሆን፣ እነሱ ሲተነፍሱ የሚወጣው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ነው። የገማ እንቁላሉ እሱ ነው። ብረት ሲያገኝ ጥቁር ይሆናል፤ ብርም ሲያገኝ ጥቁር ይሆናል። ሰው ሲያገኝ ደግሞ በየሕዋሳችን ውስጥ ኦክስጅንን የሚቀበለውን ኢንዛይም ይዞ ይቆልፈዋል። ሳንባ አየር እንደሞላ ሕዋስ ታፍኖ ይሞታል።

ሰልፌቱ ከየት መጣ? ጄሶ ማለት ካልሲየም ሰልፌት ነው። በየዓመቱ ተማሪዎቼ ከወንዝ ዳር ጭቃ ያመጣሉ፤ በጠርሙስ እንሞላዋለን። ለምግብ የተቀዳደደ ወረቀት፣ ለትንፋሽ አንድ ማንኪያ ጄሶ እንጨምርና ከድነን እንተወዋለን። ሳምንታት ሲያልፉ ጭቃው ከሥር ጀምሮ እየጠቆረ ይመጣል። ክዳኑን ስንከፍት የፊተኞቹ ተማሪዎች አፍንጫቸውን ይይዛሉ፣ እኔም ደስ ይለኛል። እኔ በማንኪያ የምሠራውን ማኅበራችን በከረጢት ሠራው።

ኮሚቴው ስለ ሽታው ስብሰባ ጠራ። ሊቀመንበራችን ጡረታ የወጡ የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። ሰው አክባሪ፣ ልብሰ ንጹሕ፣ ንግግር አዋቂ ናቸው። አፍ ያለው ጤፍ ይቆላል እንደሚባለው፣ ጋሼ በስብሰባ ላይ ያልቆሉት ጤፍ የለም።

«አገር ቤት አባቴ ሽንት ቤቱ ሲሸት አመድ ወይ ኖራ ይነሰንሱበት ነበር» አሉ። «በነጋታው ጸጥ ይላል። እኛ ደግሞ ደረጃው ሥር የተረፈ የጄሶ ከረጢት ሞልቶናል። ነጭ ዱቄት እያለን ለምን እንቸገራለን?»

ተነሳሁ። ኖራና ጄሶ አንድ አይደሉም አልኩ። ኖራ ጋዙ በውሃው ውስጥ ታስሮ እንዲቀር ያደርጋል፤ ጄሶ ግን ለባክቴሪያዎቹ ትንፋሻቸው ነው፣ በጄሶ ላይ ጄሶ ብትጨምሩ ይህ ሽታ የሚናፍቃችሁ ይሆናል አልኩ። ጠረጴዛም መታሁ መሰለኝ።

ጋሼ እስክጨርስ በትዕግሥት ጠበቁኝ። «ቲቸር፣ ሳይንሱን እናከብራለን። ግን ሁለቱም ነጭ ናቸው፣ ሁለቱም ከድንጋይ ይወጣሉ» አሉ። ሰው ሳቀ። እጅ ወጣና ተወሰነ።

እኔ ኮተቤ ክፍል ውስጥ ቆሜ ሳለሁ ከረጢቶቹ ጉድጓዱ ውስጥ ተገለበጡ። የገለበጣቸው ጥበቃችን ነው። ጥበቃችን ከደቡብ፣ ከጋሞ ተራሮች የመጣ፣ ከሚስቱ ጋር በሩ አጠገብ ባለችው አንዲት ክፍል የሚኖር ጠንካራ ሰው ነው። ሥራው በር መጠበቅ ነው፤ ግን ሲሊንደር የሚያወጣው፣ በግ የሚገፈው፣ መኪና የሚገፋው፣ የሰከረ ጎረቤት ደግፎ ደረጃ የሚያስወጣው እሱ ነው። ለሁሉም መልሱ «እሺ» ነው። ከሞኝ ደጅ ሞፈር ይቆረጣል ይባላል፤ እሱ ሞኝ አልነበረም፣ ሞፈሩ ግን በየቀኑ ይቆረጥ ነበር። አመሻሽ ላይ ከሥራ ስመለስ በሩ ላይ ቆመን እንጫወታለን። ስለ ጋዙ በደንብ የሰማኝ ከሕንፃው ሰው ሁሉ እሱ ብቻ ነው። ጥያቄም ይጠይቃል። ከተማሪዎቼ ብዙዎቹ አይጠይቁም።

ጄሶው ከተገለበጠ በኋላ ሽታው ባሰ። የእማማ የናስ ማሰሮ ጠቆረ፤ ጓሮ ያለው የብረት በር ቀለሙ እየተላጠ ዛገ። ጋሼ በመጨረሻ የፍሳሽ መኪና አስጠሩ። መኪናው ከላይ ያለውን ውሃ መጠጠና ቱቦው ከሥር ተደፈነ። ጄሶው ከደለሉ ጋር ተላቁጦ፣ ረግቶ፣ ድንጋይ ሆኗል። የመኪናው ሰው ቱቦውን እየጠቀለለ «ይሄ በሰው ካልተሰበረ አይወጣም» ብሎ ሄደ።

በሰው። ማንም «በየትኛው ሰው?» ብሎ አልጠየቀም። ሁሉም ወደ በሩ አየ።

ከዚያ በኋላ ጨጓራዬ እስኪላጥ ተከራከርኩ። የአየር ሲሊንደርና ጭምብል ያላቸው ሰዎች አሉ፣ እነሱ ይጠሩ አልኩ። ያ ጥቁር ደለል ጋዙን አቅፎ ነው የተኛው፤ ቆፍረው ሲቀሰቅሱት ባንድ ጊዜ ነው የሚለቀው አልኩ። ጋሼ «እሺ እናያለን» አሉኝ። ኮሚቴ «እናያለን» ካለ አላየም ማለት ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ልብስ እያጠብኩ ሳለሁ ከጓሮው የሰው ድምፅ ሰማሁ። እሳት ጎርሼ እሳት ለብሼ ወረድኩ። ገና ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሳለሁ ሽታው አፍንጫዬን መታኝ። ጓሮ ስደርስ ክዳኑ ተነሥቷል፤ ጋሼ፣ የጄሶ አበባው ባለቤትና ሌሎች ሁለት ጎረቤቶች ጉድጓዱን ከበው ቆመዋል። ጥበቃችን ሸሚዙን አውልቆ፣ ዲጂኖ የምንለውን ከባድ የብረት መቆፈሪያ ይዞ፣ መሰላሉ አጠገብ ነው።

«ደስ ይበልዎት፣ ቲቸር!» አሉ ጋሼ። «ምክርዎን ሰምተናል። ጋዝ አለው ስላሉ እንዲወጣ ሌሊቱን ከፍተነው አድሯል። መጀመሪያ ይሸት ነበር፣ አሁን ሽታው ጠፍቷል።»

«አፍንጫዎ ነው የጠፋው!» አልኩ። «እኔ ከደረጃው ጀምሮ ይሸተኛል እኮ! ጋዙ አፍንጫን ነው መጀመሪያ የሚያደነዝዘው። አጠገቡ የቆመ ሰው ሽታው የሄደ ይመስለዋል፤ አልሄደም፣ እሱ ነው የደነዘዘው። ከሥር ደግሞ ሲበዛ ጭራሽ አይሸትም።» ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚሉት ይህንን ነው። እኔ ብቻ ከላይ በንጹሕ አፍንጫ ስለመጣሁ ነበር የሸተተኝ፤ እነሱ ግን አራት ሆነው፣ አራቱም አይሸተንም ስላሉ ድምፅ በዝቶልናል ብለው እርግጠኛ ሆነው ነበር።

«ጧፍም አውርደናል» አለ የጄሶ አበባው ባለቤት። «አልጠፋም። አየር አለው።»

«ጧፉ የሚያሳየው ኦክስጅን መኖሩን ነው። መርዝ የለም አላለም! ደግሞ እሳት ወደ ጋዝ ታወርዳላችሁ? ቢፈነዳስ?»

ጋሼ ፈገግ አሉ። ያንን ፈገግታ እስካሁን ይቅር አላልኩትም። «ቲቸር፣ ለአንድ ሰዓት ሥራ ይህን ያህል…» አሉ።

ወደ ጥበቃችን ዞርኩ። «እንዳትወርድ። ሰምተኸኛል?»

«እሺ፣ ቲቸር።»

«በል ግባና ቶሎ ጨርስልን» አሉት ጋሼ።

«እሺ፣ ጋሼ።»

ለሁለታችንም እሺ አለ፤ እግሩ ግን ወደ መሰላሉ ሄደ። የውሃ ታንከራችንን ጣሪያ ላይ ያወጣንበት ወፍራም ገመድ ደረጃው ሥር ነበር። ሮጬ አመጣሁት። ሳላስረው አይወርድም ብዬ መሰላሉን ተቆጣጠርኩ። «ይሁን፣ ደስ ይበላቸው» አሉ ጋሼ፣ ልጅ እንደሚያባብል ሰው። በብብቱ ሥር አዙሬ በገዛ እጄ አሰርኩት። እያሰርኩ እሳደብ ነበር፤ እሱን፣ ጋሼን፣ ራሴን፣ የማኅበሩን መተዳደሪያ ደንብ። እሱ እጁን አንሥቶ ዝም ብሎ ይታሰርልኛል። ሌላውን ጫፍ ጓሮው ዳር ባለው የብረት ምሰሶ ላይ ጠመጠምኩት።

ወረደ። ጥቁሩ ደለል ጉልበቱ ላይ ደረሰ። ጋሼ ከላይ አጎንብሰው «በርታ!» ይላሉ። ዲጂኖውን አነሣና ጄሶው ላይ አሳረፈው። ደለሉ አረፋ አወጣ። ዲጂኖውን እንደገና አነሣ፤ ሁለተኛ ግን አላወረደውም። ጩኸት የለም፣ ማቃሰት የለም። ልክ መብራት እንደጠፋበት ቤት ድርግም ብሎ ወደ ጎን ተዘረረ።

የጄሶ አበባው ባለቤት ጃኬቱን ጥሎ መሰላሉን ያዘ። ደግ ሰው ነው፤ ደግነቱ ሊገድለው ነበር። በዚህ ጋዝ አንድ ሰው ሲወድቅ ሊያወጣ የገባው ይከተለዋል፣ እሱን ሊያወጣ የገባውም ይከተላል። በጥፊ መታሁት። «ገመዱን ሳብ!» ብዬ ጮኽኩ። አምስት ሆነን ሳብን። ጋሼም ሳቡ፤ የለበሱት ነጭ ሸሚዝ ጠቆረ። ስናወጣው ከንፈሩ ሰማያዊ ነበር። ትንፋሹ እየተቆራረጠ ነበር። ጓሮውን እንዳለ ትተን ወደ በሩ ጎትተን አወጣነው፤ ሚስቱ ቲማቲም የምትሸጥበትን ጣውላ ገልብጣ ስትሮጥ አየሁ። መኪና ላይ ጭነን ሆስፒታል አደረስነው። ሐኪሞቹ ኦክስጅን ሰጡት። አልሞተም።

በሚቀጥለው ስብሰባ ጋሼ ንግግር አደረጉ። ቦታው ድሮም ክፉ ነበር፣ ሕንፃው ሳይሠራ በፊትም ከብት ይወድቅበት ነበር፣ ጥበቃችንን ጋኔን ነው የመታው አሉ። እማማ ከእንጦጦ ጠበል በጄሪካን አስመጥተው ጓሮውን አስረጩ። ጠበሉን አልጠላሁም፤ እማማ ለጥበቃችን ሲያለቅሱ ከልባቸው ነበር። አንጀቴን ያሳረረው ጋኔኑ ነው። ጋኔን ለኮሚቴ ይመቻል። ጋኔን ፎቅ ቁጥር የለውም፣ ስብሰባ አይመራም፣ የጄሶ ባልዲ ሽንት ቤት ውስጥ አያጥብም።

«ጋኔን አይደለም!» አልኩ። «ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ነው። ባክቴሪያ የሠራው።»

ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ወደ ጸሐፊው ዞረው፣ «እንግዲያውስ ቲቸር እንዳሉት ባክቴሪያ ነው የመታው ብለህ ያዝልን» አሉ። ቤቱ ሁሉ ተስማማ። እፎይ ያለም ነበር። ባክቴሪያዋን አምጥተው በጋኔኑ ወንበር ላይ አስቀመጧት! ቢሊዮን ዓመታት ሰልፌት ስትተነፍስ የኖረች፣ ያገኘችውን የምትበላ ፍጡር ናት። ጄሶ አልገዛችም። ዲጂኖ ለማንም አላስያዘችም። ይህንን ተናገርኩ፤ በጣም ጮኼ ስለነበር ግን የሰሙት ጩኸቱን ብቻ ይመስለኛል።

ጥበቃችን ሳምንታት ቆይቶ ወደ በሩ ተመለሰ። ከስቷል፣ ነገር ይረሳል። አንድ አመሻሽ እንደ ድሯችን በሩ ላይ ቆምን።

«ቲቸር፣ ማሽተት እምቢ አለኝ» አለ። «ሚስቴ ወጡ አርሮ ቤቱ ጭስ እስኪሞላ አጠገቡ ተቀምጬ አገኘችኝ።»

ነርቩ ምናልባት ቀስ ብሎ ይመለስ ይሆናል አልኩት። ከዚያ ንዴቴ ገነፈለ፤ እሱ ላይ መሆኑ ራሱ አናደደኝ። «ነግሬህ አልነበረም? ስንት ጊዜ ነገርኩህ! ለምን አላመንከኝም?»

«አምኜዎታለሁ እንጂ» አለ፣ ተገርሞ። «ሽታው ሲጠፋ ነው የሚገድለው ብለውኝ የለ? መሰላሉ ላይ ሳለሁ ይሸተኝ ነበር። ከሥር ስደርስ ቀጥ አለ። ቲቸር ያሉት ይሄ ነው አልኩ በልቤ።»

«ታዲያ አውቀህ ለምን አልወጣህም?»

እንደ ቀላል ነገር መለሰልኝ። «ጋሼ ከላይ ሆነው በርታ እያሉኝ ነበራ።»

ይህን ሁሉ ዘመን ሰው ካወቀ ይድናል ብዬ ነው ስጮኽ የኖርኩት። የምናደደው ባለማወቅ ነበር፤ ኖራና ጄሶ ስላምታቱ፣ ጧፍ ስላወረዱ፣ አፍንጫቸውን ስላመኑ። እዚህ ደግሞ አንድ የሚያውቅ ሰው ነበር። ያስተማርኩት፣ የገባው፣ በትክክለኛው ሰዓት ትምህርቱን ያስታወሰ። እሱ ነው የወረደው። የማያውቁት ከላይ ቆመው ነበር።

ጄሶው አሁንም ከጉድጓዱ ሥር ነው። በቀደም ቅዳሜ ጋሼ ከጉርድ ሾላ አደባባይ አንድ የቀን ሠራተኛ ይዘው መጡ፤ ከክፍለ ሀገር ገና የመጣ፣ ስለ ቦታው ምንም ያልሰማ ሰውዬ ነው። ጥበቃችን ክዳኑን እንዲከፍት ዲጂኖ ተሰጠው። «እሺ» ሲል ከመስኮቴ ሰማሁት።

ወረድኩ። አልጮኽኩም። አልፌያቸው ሄጄ በቤት ልብሴ፣ በነጠላ ጫማዬ፣ ክዳኑ ላይ መሃሉ ላይ ተቀመጥኩ። ኮንክሪቱ ቀዝቃዛ ነበር።

«ቲቸር፣ ምነው?» አሉ ጋሼ። «የሚያስረዱን ነገር ካለ ስብሰባ እንጥራ።»

«የማስረዳው የለኝም።»

«ታዲያ?»

«ተቀምጫለሁ።»

የቀን ሠራተኛው ግራ ገብቶት ከአንዳችን ወደ አንዳችን አየ። ጋሼ ሳቅ ሞከሩ፣ ሳቁ አልመጣላቸውም። ወደ ጥበቃችን ዞሩ። «አንተ፣ ምን ትጠብቃለህ? ክፈተው እንጂ!»

«እሺ፣ ጋሼ» አለ። ዲጂኖውን ግድግዳው ላይ አስደገፈና መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ።